ፋብሪካው የተሳሳተባቸው ሁለት እንጨቶች

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ አስፋልቱ ዳር ካለው መድኃኒት ቤት በላይ ባለው ፎቅ፣ ኮሪደሩ ላይ ከተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች በአንዱ ተቀምጬ እጆቼን አፋትግ ነበር። ብርድ ነው እንዳልል ጋቢዬን ደርቤያለሁ። ደብረ ታቦር ተወልጄ ስልሳ አራት ዓመት የኖርኩ ሰው ደግሞ በብርድ ማሳበብ አያምርብኝም። የልጅ ልጄ ሶልያና ከተዘጋው በር ጀርባ የዛይሎፎን ጀማሪዎች ፈተና ልትፈተን ገብታለች። ዛይሎፎን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ከረጅም እስከ አጭር በተራ የተደረደሩ እንጨቶች ናቸው፤ በሁለት መምቻ ሲመቷቸው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድምፅ ይሰጣሉ። ልጅቱ ግን ቅንጣት ታህል አልተጨነቀችም። ማስቲካዋን በወረቀት ጠቅልላ እጄ ላይ አስቀመጠችና "እማማ፣ አትጨነቂ እሺ" ብላኝ ገባች። የዛሬ ልጆች አንቱታውን ትተውታል፤ እኔም መቆጣቱን ትቼዋለሁ።

ከበሩ ጀርባ ድምፁ መጣ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ። እነዚህን ማንም አይስታቸውም። አራተኛዋን ስጠብቅ ዓይኔን ጨፈንኩ። ፋ ጥርት ብላ መጣች። "ተመስገን" ስል ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፣ አጠገቤ ተራ የምትጠብቀው ወጣት እናት ዞር ብላ አየችኝ።

"ገና መጀመሯ እኮ ነው፣ እማማ" አለችኝ።

"እኔን የጣለችኝን እንጨት አልፋታለች" አልኳት። አልገባትም፤ ፈገግ ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተና ፈታኟ ራሷ ሶልያናን ይዛ ወጣች። ፀጉሯ ባጭሩ የተቆረጠ ሽበት ነው፤ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። የሚቀጥለውን ልጅ ስም ልትጠራ ወረቀቷን ገለጠች፣ ቀና ስትል ዓይኗ እኔ ላይ ቀረ።

"ስንዱ? የአናጢው ልጅ?"

በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው ብዬ ሳስብ፣ "የሺ ነኝ፣ አንች" አለችኝ። ከመቀመጫዬ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። የሺ አብራኝ የተማረች፣ በአሥራ ሰባት ዓመታችን ከእኔ ጋር ይህንኑ ፈተና የተፈተነች ጓደኛዬ ናት። እሷ አልፋ አዲስ አበባ ሄደች፣ የሙዚቃ መምህርት ሆና እዚያው ጡረታ ወጣች፤ አሁን በየክፍለ ሀገሩ እየዞረች ጀማሪዎችን ትፈትናለች። እኔ ወድቄ እዚሁ ቀረሁ። ተሳስመን ስንበቃ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ "አራት ልጆች ይቀሩኛል። እንዳትሄጅብኝ፣ የምነግርሽ አለ" አለችኝና ገባች። ሶልያናን ልትወስዳት ከመጣችው አክስቷ ጋር ወደ ቤት ሰድጄ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ደስታዬ ላይ ፍርሃት ቢጤ ተቀላቀለበት። ያን ዕለት እንዴት እንደወደቅኩ ከአባቴ ደብቄ ነው የኖርኩት። ሳያውቁ አረፉ፤ በሕይወቴ አንድ ሥራ በደንብ ሠርቼ ከሆነ ይህን ነው እያልኩ ስጽናና ኖሬያለሁ። ምሥጢሩን የምታውቅ ደግሞ በሕይወት ያለች የሺ ብቻ ናት።

አራት ልጅ እስኪፈተን ረጅም ጊዜ ነው። ያኔ ይህ ፎቅ አልነበረም፤ አስፋልቱም አልነበረም። ይህ ቦታ የአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ነበር። ሰውየው በከተማው ጮክ ብሎ የሚሰማ ሬዲዮ ያለው እሱ ብቻ ስለነበር ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ ዘፈን ለመስማት ጥጉ ላይ እንኮለኮላለን። እሱም ብልጥ ነው፤ የሚያሰፋ ደንበኛ ሲመጣ ድምፁን ይለቀዋል፣ እኛ ብቻችንን ስንሆን ይቀንሰዋል። አንዳንዴ የሺ የእናቷን ያልተቀደደ ቀሚስ ይዛ መጥታ "ስንት ያስከፍላል?" እያለች ታደራድረዋለች፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ትኩስ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም ነበር፤ በወረቀት ሲጠቀልሉት ዘይቱ ወረቀቱን አልፎ ዩኒፎርማችን ላይ ይታተማል። ጫማችን የላስቲክ ኮንጎ ነው። ከጉና ተራራ የሚወርደው ንፋስ ሲነካው እንደ ጣውላ ይደርቃል፣ ጠዋት ጠዋት እግራችንን ስናስገባ እናለቅሳለን ማለት ይቻላል። ወንዶቹ ከታች የሚሰፋ ቤልቦተም ሱሪ አሰፍተው መንገዱን ሲጠርጉት ይውላሉ። ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ የልጆቹን ጠባብ ሱሪ ሳይ፣ ያ ሁሉ ጨርቅ የት ሄደ እላለሁ።

የሙዚቃ መምህራችን ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ሰው ነበር። አሁን ሳስበው የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ያኔ ግን አንቱ እያልን ፊቱ ቀና ብለን አንቆምም። አንድ ቀን ረዘም ያለ ሳጥን አስይዞ ክፍል ገባና ከፈተው። ግማሾቻችን የሽመና ዕቃ መሰለን። በመምቻው ከታች እስከ ላይ አንዴ ሲጠርገው ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። የእንጨት ድምፅ እንደዚያ ክብ ሆኖ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። የአናጢ ልጅ ነኝ፤ እንጨት ሲጋዝ፣ ሲቸነከር፣ ሲሰነጠቅ የሚያሰማውን አውቃለሁ፤ ይህን ግን አልሰማሁም። ወሩ ሳያልቅ መምህሩ ከሁላችን መሐል እኔንና የሺን መረጠና ከክረምቱ በፊት ከአዲስ አበባ ፈታኝ እንደሚመጣ ነገረን። የጀማሪዎችን ደረጃ ያለፈ ወረቀት ይሰጠዋል፤ በዚያ ወረቀት የሙዚቃ መምህራን ማሠልጠኛ ይገባል። ፈተናው ሦስት ነገር ነው፦ ስኬል፣ አንድ አጭር ዜማ፣ ከዚያ ፈታኙ የሚያጨበጭበውን ምት ሰምቶ መድገም። ስኬል ማለት ከዶ ተነሥቶ አንድም ሳይዘሉ እስከ ላይኛው ዶ ወጥቶ መውረድ ነው። "ስኬል በየቀኑ፣ ቤታችሁ" አለን። ቤታችሁ ሲል ምን ላይ እንደሆነ አልነገረንም፤ ዛይሎፎኑ አንድ ነው። የሺ ጣውላ ላይ በከሰል አሥራ አምስቱንም እንጨት አሥምራ፣ በሁለት ማንኪያ ድምፅ የሌለውን ነገር ስትቀጠቅጥ ትውል ጀመር። እናቷ አበደችብኝ ብላ ጠበል ልትወስዳት ነበር።

እኔ ግን አባት ነበረኝ። አባቴ የከተማው የታወቁ አናጢ ነበሩ፤ ክራርም ይጫወታሉ። እንጨት ሲገዙ በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አድርገው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው አድምጠው ነው። ትምህርት ቤት የእያንዳንዱን እንጨት ርዝመት ወረቀት ላይ ለክቼ አመጣሁላቸው፣ ድምፁንም እያንጎራጎርኩ ነገርኳቸው። ሥራቸውን ሁሉ ወደ ጎን አድርገው የወይራ እንጨት እየላጉ ሰነበቱ። ድምፁ ሲቀጥን ከሆዱ በሞረድ ይፍቁታል፣ ሲወፍር ከጫፉ ይቆርጡታል፤ ይህን ማንም አላስተማራቸውም፣ እየሞከሩ ደረሱበት። አንድ ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ።

"ነይ እስቲ፣ አድምጭ" አሉኝና አንድ በአንድ መቱት። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ተኮማተረ። "ይችን ሰማሻት? ጎምዝዛለች። ሰባተኛዋም እንደዚሁ ናት። ቀኑን ሙሉ ስፍቃት ዋልኩ፣ አንች ባልሽኝ ድምፅ ሳስተካክላት ከሌሎቹ ጋር ትጣላለች።"

"የትምህርት ቤቱም እንደዚያ ነው የሚለው፣ አባዬ።"

"እንግዲያው ፋብሪካው ተሳስቶ ነው። ስንት ሰው ነው እዚያ የሚሠራው፣ አንዱ ሳተባቸው።" ሁለቱን አንሥተው ወደ ፍቅፋቂው ክምር ወረወሩና የቀሩትን አቀራርበው በገመድ አሠሩ። የላይኛዎቹንም እንደዚያው አደረጓቸው። ከዚያ ከታች እስከ ላይ አንዴ ጠረጉት። የወጣው ጥርት ያለ የትዝታ ቅኝት ነበር፤ በክራራቸው ስሰማው ያደግኩት። አባቴ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አላውቅም። "አሁን ነው የተቃናው" አሉ። ከዚያ ትንሽ ጥርጣሬ ገባቸውና "ለፈተናሽ አያሰናክልሽም አይደል? ከትምህርት ቤቱ ጋር አንድ ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"አንድ ነው፣ አባዬ" አልኳቸው። እጃቸው ላይ ያለውን የወይራ ፍቅፋቂ እያየሁ ምን ልበል? ደግሞም ችግር አልመሰለኝም። ትምህርት ቤት ሄጄ ሁለቱን እጨምራለሁ አልኩ። እውነቱን ለመናገር የአባቴ ለጆሮዬ ይጥመኝ ነበር። ጠዋት ከትምህርት በፊት፣ ከሰዓት በኋላ ውኃ ቀድቼ ስመለስ፣ ቀኝ ግራ ቀኝ ግራ እያልኩ ስወጣና ስወርድ ጎረቤት ሳይቀር ቆሞ ይሰማ ነበር። የሺ ግን አንድ ቀን መጥታ ሰምታ ግንባሯን ቋጠረች። "አንች፣ ፋ የት አለ?" አለችኝ። "ትምህርት ቤት" አልኳት፣ ሳቅን።

ነገሩ የተበላሸው ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። አንዱ እንጨት ገመዱ ላልቶ ስለተገኘ ርእሰ መምህሩ "እንግዳ ሳይመጣ ሊሰብሩብኝ ነው" ብሎ ዛይሎፎኑን ዕቃ ግምጃ ቤት አስቆለፈበት። ለፈተና ተገዝቶ ከፈተና የተደበቀ ዕቃ እዚያ አየሁ። መምህራችን ለመነ፣ ለመነና ሲያቅተው ተወው። የሺ ወደ ጣውላዋ፣ እኔ ወደ አባቴ ዛይሎፎን ሄድን። በእኔ ልብ የታደልኩት እኔ ነበርኩ። እሷ ድምፅ በሌለው ነገር ላይ ስትደክም እያየሁ አዝንላት ነበር።

የፈተናው ዕለት ነጭ የአገር ልብስ ለበስኩ፣ እናቴ ፀጉሬን ቅቤ ቀባችልኝ፣ አባቴ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ሸኙኝ። ፈታኙ ከረባት ያሠረ ቀጭን ሰው ነው፤ በእኛ ብርድ እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ይንዘፈዘፋል። የሺ ቀድማኝ ተፈትና ወጥታ በመስኮቱ በኩል ትጠብቀኛለች። "የዶን ስኬል፣ ወደ ላይና ወደ ታች" አለኝ። ጀመርኩ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ከዚያ እጄ አራተኛው ላይ አረፈ፤ ጎመዘዘኝ። ክፉኛ ጎመዘዘኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አራተኛው እንጨት ሶል ሆኖ የሰማ ጆሮ፣ ተሳስተሻል አለኝ። ቆምኩና "ይቅርታ" ብዬ፣ ሶልን መትቼ ላ ላይ ወጣሁ። ሲ ላይም ስደርስ እንደዚያው ሆነብኝ፤ አሁንም "ይቅርታ፣ ተሳሳትኩ" አልኩና ዘልዬው ዶ ላይ ደረስኩ። ፈታኙ እጁን ከብብቱ አወጣ። "ልጄ፣ የመታሽው ትክክል ነበር። ለምን አረምሽው? ሁሉንም ምችና ድገሚው" አለኝ፣ በደግነት። ደገምኩት። በደገምኩትም ጊዜ ትክክሉን ትክክል ማለት አቃተኝ። ፋን ስነካ ፊቴ እንደ አባቴ ፊት ሲኮማተር ይሰማኝ ነበር። ዜማውን ደህና መታሁ፣ ምቱንም ደገምኩ። ስኬል ግን ከሌሎቹ ሁለቱ የበለጠ ነጥብ ነበረው። ከሰዓት በኋላ ስማችን ሲነበብ የሺ አልፋለች፣ እኔ የለሁም።

አጥሩ ጋ አባቴ ቆመው እየጠበቁኝ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አልሄዱም። ለአንድ ፈተና ሱቅ ዘግተው የዋሉ አባት ፊት ላይ "የሠሩልኝ ዛይሎፎን ነው የጣለኝ" ተብሎ እንዴት ይነገራል? አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። "ሁለታችንም አልፈናል፣ አባዬ። ቦታው አንድ ብቻ ሆኖ በዕጣ ለየሺ ደረሳት።" "ዕጣ ከሆነ ምን ይደረጋል" ብለው ጋቢያቸውን አለበሱኝ። የሺ በማግስቱ ልታጽናናኝ ስትመጣ ይህንኑ ነገርኳትና ለማንም እንዳታወጣ አስጠነቀቅኳት። እሷ በሐምሌ መግቢያ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሻንጣዋን አስጭና ሄደች፤ መምህሩም በዓመቱ ተዛወረ። እኔ የጽሕፈት መኪና ተምሬ ፍርድ ቤት ተቀጠርኩ፤ የሰው ክስና መልስ ስተይብ ጡረታ ወጣሁ። አላማርርም። ጥሩ ባል አግብቼ ጥሩ ልጆች ወልጃለሁ። ብቻ አንዳንዴ የጽሕፈት መኪናው ላይ ጣቶቼ ቀኝ ግራ ሲሉ ሳላስበው ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያልኩ አንጎራጉር ነበር። አባቴ በስተርጅና እጃቸውን ሲያማቸው ዋንዛዬ ፍል ውኃ እወስዳቸው ነበር። እንፋሎቱ ውስጥ ተቀምጠው ያን የጎበጠ ጣታቸውን ሲያፍታቱ ሳይ፣ በእነዚህ እጆች ሥራ መውደቄን አለመስማታቸው ደስ ይለኝ ነበር።

የመጨረሻው ልጅ ወጥቶ የሺ ስትመጣ ረፋዱ አልፏል። ወደ ታች ወርደን ሻይ ቤት ገባን። መጀመሪያ የልጅ ልጄን ነገር ጠየቅኳት፣ "ውጤት አልናገርም" አለች፣ ግን ዓይኗ ነገረኝ። ከዚያ ስለ ባሎቻችን፣ ስለ ጉልበታችን፣ ስለ ሞቱት አወራን። መነጽሯን አውልቃ ስትጠርግ ነገሩ እንደመጣ ገባኝ።

"አባትሽ መቼ ነው ያረፉት?"

ነገርኳት። አሥራ አምስት ዓመት ያልፈዋል።

"እንግዲህ መሐላው ይፍታኝ" አለች። "ከፈተናው በሳምንቱ ወረቀቴን ልቀበል መምህሩ ጋ ሄጄ ነበር። አባትሽ የተሰበሩ ዴስኮች ሊጠግኑ ተጠርተው ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ አገኘኋቸው። ዛይሎፎኑ ተከፍቶ ነበር። አንድ በአንድ መቱትና መምህሩን ምን ቢሉት ጥሩ ነው? 'የኔታ፣ ይህ ዕቃ ሁለት ሁለት እንጨቱ ተበላሽቷል። ሞረዴን ይዣለሁ፣ በነጻ ላቃናልዎት።'"

ሳቄ አመለጠኝ። የሺ አልሳቀችም።

"መምህሩም እንደ አንች ሳቀ። እሱ ምን ያውቃል። 'ኧረ ደህና ናቸው፣ ስማቸው ፋ እና ሲ ነው። ስንዱን የጣሏት እነሱ አይደሉ እንዴ፣ እየዘለለቻቸው!' አላቸው።"

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። "ምን አሉ?"

"የተሰበረው ዴስክ ላይ ቁጭ አሉ። መምህሩ ደንግጦ ውኃ ሊያመጣ ወጣ። መምቻውን አነሡና ፋን መቱት። ቆዩና ሲን መቱት። ደጋግመው መቱት፣ እኔ ቆሜ አየኋቸው። 'ሲደጋገም ይለመዳል ለካ' አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። 'ልጄ በዕጣ ነው የቀረሁት ብላኛለች' አሉኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። 'እኔ እንዳላዝን ብላ ነው። እንዳወቅኩ አትንገሪያት፣ ልፋቷ ከንቱ ይሆንባታል' ብለው በመድኃኔ ዓለም አስማሉኝ።"

የሺ እጄን ያዘችኝ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ ባጃጆቹ ውጭ ይንጫጫሉ። ከዚያ ዕለት በኋላ አባቴ ብዙ ዓመት ኖረዋል። በየፋሲካው ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ "ስንዱ፣ ያን ዛይሎፎንሽን አምጭና ምችልን" ይሉኝ ነበር። እኔ ምንም እንዳልሆነ ሆኜ እመታለሁ፣ እሳቸው ምንም እንዳልሆነ ሆነው ያደምጣሉ። አንዳችን አፋችንን ከፍተን ቢሆን የሚመጣው ለቅሶ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው አይደለም። እሳቸው "በነጻ ላቃናልዎት" ያሉትን ቢነግሩኝ፣ እኔም ፈታኙን "ይቅርታ፣ ተሳሳትኩ" እያልኩ ትክክሉን ሳርም የዋልኩትን ብነግራቸው፣ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። ያ ሳቅ ቀረብን።